ያረጁ መጻሕፍትን ለመጠገን ተገቢውን ሙጫ ስለ መምረጥ

(ለመምህራን የተዘጋጀ ንግግር)



መጽሐፍ ሲያረጅ የሚወቀሰው አንባቢው ነው፤ ሲጠፋ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ጠጋኙ ነው። ቅጠሉ የተገነጠለበት መጽሐፍ ቅጠሉ እስካልጠፋ ድረስ ይነበባል፤ በማይገባው ሙጫ የተለጠፈ መጽሐፍ ግን ሁለት ቅጠል እንደ አንድ ይሆንና ሊገልጡት ሲሉ ይቀደዳል፥ ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ መጻሕፍት የሚያስብ መምህር አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፥ መጽሐፉ በምን እንደሚለጠፍ፥ ከዚያም በፊት ጭራሹን መለጠፍ ያስፈልገው እንደሆነ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህንኑ በአጭሩ ማስረዳት ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩን በዓይን ለማየት በናይሮቢ ከተማ ዌስትላንድስ ከተባለው ሠፈር የሚሻል ቦታ አይገኝም። ዌስትላንድስ ዛሬ ረጃጅም ሕንፃዎች የበዙበት የንግድ ሠፈር ቢሆንም፥ ለመምህር ግን የመጻሕፍት ሠፈር ነው። በ1983 በተከፈተው በሳሪት ሴንተር ውስጥ ቴክስት ቡክ ሴንተር የተባለው ትልቅ የመጻሕፍት መደብር ይገኛል። ኢስት አፍሪካን ኤጁኬሽናል ፐብሊሸርስ የተባለው አሳታሚ ድርጅትም መሥሪያ ቤቱ ለብዙ ዓመታት በዚሁ ሠፈር ነበር። ይህ ድርጅት ቀድሞ ሃይነማን ኬንያ ይባል የነበረው ሲሆን፥ በ1992 በሄንሪ ቻካቫ መሪነት ወደ ኬንያውያን እጅ ተዛውሮ አዲሱን ስም ያዘ። የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ መጻሕፍት የተባሉት፥ በ1962 በቺኑዋ አቼቤ ድርሰት የተጀመሩትና በ1964 የንጉጊ ዋ ቲዮንጎን የመጀመሪያ ልብ ወለድ የጨመሩት፥ በምሥራቅ አፍሪካ ትምህርት ቤቶች የተሠራጩት በእነዚህ አሳታሚዎች አማካይነት ነው።

እነዚህ መጻሕፍት ለተማሪ ኪስ እንዲስማሙ በርካሽ የተዘጋጁ፥ ለስላሳ ሽፋን የለበሱ ናቸው። ብዙዎቹም ያልተሰፉ ናቸው፤ ቅጠሎቻቸው በጀርባ በኩል ተከርክመው በሙጫ ብቻ የተያያዙ ናቸው። ይህ አጠራረዝ በጀርመን አገር ኤሚል ሉምቤክ በ1930ዎቹ መጨረሻ ካሻሻለው ወዲህ፥ በኋላም በሙቀት የሚቀልጥ ሙጫ ከተገኘ በኋላ በዓለም ሁሉ ተስፋፋ። መጽሐፍን ለድኻ ልጅ ያደረሰው ይህ ዘዴ ነውና ሊነቀፍ አይገባም። ነገር ግን ሙጫው ዓመታት ሲያልፉበት ይደርቃል፤ ተማሪውም መጽሐፉን ወደ ኋላ ቆልምሞ ሲያነብ ጀርባው ይሰነጠቃል፤ ቅጠሉም እንደ በልግ ዛፍ ይረግፋል። በዚያው ሠፈር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤት ደግሞ ሌላ ዓይነት ያረጀ መጽሐፍ ይገኛል፤ ከአገር ሲወጡ በሻንጣ የተያዘ፥ በአዲስ አበባ የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ፥ ወይም ከአያት የወረደ የብራና ዳዊት። ሦስቱም አርጅተዋል፤ የሦስቱ መድኃኒት ግን አንድ አይደለም።

ስለዚህ ጠጋኙ ሙጫ ከማንሣቱ አስቀድሞ ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቃል።

1ኛ፤ መጽሐፉ ከምን ተሠርቷል? እስከ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ወረቀት የሚሠራው በአብዛኛው ከጨርቅ ስለ ነበረ ብርቱ ነበር። ከ1840ዎቹ ወዲህ ግን ከተፈጨ እንጨት ይሠራ ጀመር። በውስጡ የሚቀረው አሲድም ወረቀቱን ቀስ በቀስ እያቃጠለ ቢጫና ተሰባሪ ያደርገዋል። እንዲህ ያለውን ወረቀት በጠንካራ ሙጫ ቢይዙት ሙጫው ሳይበገር ወረቀቱ በሙጫው ጠርዝ ላይ ይሰበራል።

2ኛ፤ መጽሐፉ ለምን ይፈለጋል? ዛሬ በመደብር የሚገኝ፥ ሠላሳ ተማሪ የሚቀባበለው የንባብ መጽሐፍ እንዲበረታ ይፈለጋል። ዳግመኛ የማይታተም መጽሐፍ ግን ከመበርታት ይልቅ እንዳለ እንዲቆይ ይፈለጋል።

3ኛ፤ ጥገናው ሊፈታ ይችላልን? ይህ ከሁሉ የበለጠው ጥያቄ ነው። ዛሬ የሚጠግን ሰው የመጨረሻው ጠጋኝ አይደለም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የተሻለ እውቀት ያለው ሌላ ሰው ያንኑ መጽሐፍ ያነሣል። እርሱ የፊተኛውን ሥራ ያለ ጉዳት መፍታት እንዲችል ሙጫው በውሃ ርሶ የሚላቀቅ መሆን አለበት።

ከእነዚህ ጥያቄዎች አንድ ሕግ ይወጣል፤ ይኸውም ሙጫ ከሚይዘው ወረቀት ይልቅ ደካማ ይሁን የሚል ነው። ለሰሚው እንግዳ ቢመስልም ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጭንቅ በመጣ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ መላቀቅ ካለበት ሙጫው ይላቀቅ፤ ሙጫ እንደገና ይቀባል፥ የተቀደደ ቃል ግን አይመለስም።

አሁን በየቤቱና በየሱቁ የሚገኙትን ማጣበቂያዎች አንድ በአንድ መመርመር ያሻል።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ መጻሕፍት ያጠፋው ግልጹ ፕላስተር ነው። በ1930 በአሜሪካ ሪቻርድ ድሩ የተባለ ሰው ሠርቶ ካወጣው ወዲህ በየመምህሩ ጠረጴዛ ላይ የማይታጣ ዕቃ ሆኗል። ሲለጠፍ ንጹሕና ፈጣን ነው። ዓመታት ሲያልፉ ግን ማጣበቂያው ወደ ወረቀቱ ውስጥ ሠርጎ ይገባና ቡናማ እድፍ ይሆናል፤ ላዩም ደርቆ ይወድቃል። በዚህ ጊዜ ቀዳዳው እንደ ነበረ ሆኖ እድፉ ብቻ ይቀራል፤ እርሱንም ለማውጣት የባለሙያ እጅና አደገኛ ማሟሟቻ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የጫማ ሠሪዎች ማስቲሽ ነው። ከጎማ የተሠራ በመሆኑ ሲያረጅ መጀመሪያ ይለሰልሳል፥ ቀጥሎ ይጠቁራል፥ በመጨረሻም ተፈርፍሮ መያዙን ይተዋል። ሱፐር ግሉ የተባለውም ከወረቀት ጋር ዝምድና የለውም፤ የነካውን ወረቀት እንደ ቀንድ አድርቆ ይሰብረዋል። ሁለቱም ከመጽሐፍ መጠገኛ ሣጥን ውስጥ መውጣት አለባቸው።

ሦስተኛው ከቆዳና ከአጥንት ተቀቅሎ የሚወጣው የአናጢዎች የቆዳ ኮላ ነው። የአውሮፓ ጠራዦች ለብዙ መቶ ዓመታት የመጽሐፍ ጀርባ ሲይዙበት የኖሩ ሲሆን፥ በሙቅ ውሃ የሚፈታ በመሆኑ ይመሰገናል። ነገር ግን ሲያረጅ ይደርቃል፥ ይሰነጠቃል፤ ተባይም ይወደዋል። የተጣራው ዓይነቱ፥ ጄላቲን የሚባለው፥ ዛሬም በባለሙያ እጅ ይሠራበታል፤ ለትምህርት ቤት ግን አድካሚ ነው።

አራተኛው ነጩ ኮላ ነው። ይህ ፖሊቪኒል አሲቴት ከተባለ ንጥረ ነገር የተሠራ ሲሆን፥ ሥራው የተጀመረው ፍሪትስ ክላተ በ1912 በጀርመን አገር ባደረገው ግኝት ነው። ነጩ ኮላ ሲደርቅ እንደ መታጠፊያ ስለሚለመጥ፥ ለተሰነጠቀ የመጽሐፍ ጀርባ ይስማማል። ስለዚህ በየቀኑ ለሚነበቡ፥ ቢጠፉ ሊተኩ ለሚችሉ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ቢጠቀሙበት አያስነቅፍም። ሆኖም ከደረቀ በኋላ በውሃ አይፈታም፤ አንዳንዱም ዓይነት ሲያረጅ የኮምጣጤ ጠባይ ያለው አሲድ ያወጣል። በመሆኑም ላረጀ፥ ለብርቅና ለማይተካ መጽሐፍ አይሆንም። ለእንጨት ሥራ የተዘጋጀውን ቢጫውን ዓይነት ደግሞ ጭራሹን መተው ይገባል፤ ለመጽሐፍ ከመጠን በላይ ጠንካራ ነውና።

አምስተኛው ሜቲል ሴሉሎስ የተባለው፥ ከእንጨት ጭረት ተለውጦ የሚሠራው ዱቄት ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ሲበጠበጥ የጠራ ዝልግልግ ይሆናል። አይሻግትም፥ ተባይ አይወደውም፥ በውሃም ይፈታል። ኃይሉ ግን ትንሽ ስለሆነ ለስስ ወረቀትና አሮጌ ሙጫን አርሶ ለማስለቀቅ ይመረጣል፤ ከነጭ ኮላ ጋር ሲቀላቀልም የኮላውን ችኮላ ያበርዳል።

ስድስተኛውና ከሁሉ የሚመረጠው ከስንዴ ስታርች የሚሠራው ሙጫ ነው። የጃፓን አገር ጠጋኞች ለብዙ መቶ ዓመታት በዚህ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ዛሬም በታላላቅ ቤተ መጻሕፍት ጥገና ክፍሎች ቀዳሚው ማጣበቂያ ይህ ነው። ነጭ ነው፥ አይጠቁርም፥ አሲድ የለበትም፥ ከዓመታት በኋላም በጥቂት እርጥበት ይለቃል። የገንዘብ ድካምም የለበትም፤ በናይሮቢ ለቻፓቲ፥ በአዲስ አበባ ለዳቦ ከሚገዛው የስንዴ ዱቄት ሊገኝ ይችላልና።

ነገር ግን ዱቄትና ስታርች አንድ አይደሉም። በዱቄቱ ውስጥ ግሉተን የተባለ፥ ሊጡን የሚያሳስብ ነገር አለ። በረሮና ሻጋታ የሚመጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሙጫውንም የሚያቢጨውና የሚያደርቀው ይኸው ነው። ስለዚህ መለየት አለበት። አለያየቱም እንዲህ ነው። ዱቄቱ በትንሽ ውሃ ጠንከር ተደርጎ ይታሻል፤ አንድ ሰዓት ያህልም ያርፋል። ከዚያ በኋላ ሊጡ በገበቴ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እየታሸ ይታጠባል። ውሃው እንደ ወተት ይነጣል፤ በመጨረሻ በእጅ ላይ የሚቀረው እንደ ጎማ የሚሳሳበው ግሉተን ይጣላል። ነጩ ውሃ በወንፊት ተጠልሎ ሲያድር ስታርቹ ከሥር ይዘቅጣል። የላዩ ውሃ ቀስ ብሎ ይደፋል፤ ስታርቹም በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ይህን ሥራ በሠልጣኝ መምህራን ፊት መሥራት አንድ የሳይንስ ትምህርት ነው።

ሙጫውን ለመሥራት ከስታርቹ አንድ ስኒ፥ ከንጹሕ ውሃ አራት ወይም አምስት ስኒ ይለካል። ስታርቹ አስቀድሞ በጥቂት ውሃ ይዘፈዘፋል። ከዚያ በለዘብታ እሳት ላይ ሳያቋርጡ እያማሰሉ ግማሽ ሰዓት ያህል ማብሰል ነው። መጀመሪያ ነጭ የነበረው እየጠራና እየወፈረ እንደ ገንፎ ይሆናል። ከእሳት ወርዶ ሲቀዘቅዝ በጥቅጥቅ ወንፊት ሁለት ጊዜ ይጠለላል። ለሥራ ሲፈለግ ጥቂት ጥቂት ውሃ እየጨመሩ እንደ እርጎ እስኪሆን ማቅጠን ነው። ተከድኖ በቀዝቃዛ ቦታ ለጥቂት ቀናት ይቆያል፤ ከሸተተ ወይም ከቀጠነ ግን ሳይሳሱ መጣል ይገባል።

ሙጫው ከተመረጠ በኋላ አቀባቡ ቀርቶ አይቀርም። የተቀደደ ቅጠል ሲጠገን የጃፓን ወረቀት ከተባለው፥ ከኮዞ ዛፍ ልጥ ከሚሠራው ረጅም ጭረት ያለው ስስ ወረቀት ይወሰዳል። ጠርዙ በመቀስ ሳይቆረጥ በውሃ መሥመር ርሶ በእጅ ይገነጠላል፤ ጭረቱ እንደ ጠጉር ወጥቶ ከአሮጌው ወረቀት ጋር ይያያዛልና። ሙጫው በወረቀቱ ላይ ስስ ሆኖ ይቀባል፥ በቀዳዳውም ላይ ይጋደማል፤ ከላይና ከታች መምጠጫ ወረቀት ተደርጎ በክብደት ሥር ያድራል። አብዝቶ መቀባት የጀማሪ ሁሉ ፈተና ነው። የሚይዘው የሙጫው ብዛት ሳይሆን የሁለቱ ገጾች በደንብ መገናኘት ነው።

የመጽሐፉ ሽፋን ከጀርባው መጋጠሚያ ላይ ላልቶ እንደ ሆነ ደግሞ በሹራብ መሥሪያ ወስፌ ላይ ጥቂት ሙጫ ተቀብቶ በክፍተቱ ውስጥ እየተሽከረከረ ይገባል። ከዚያም በሽፋኑና በቅጠሎቹ መካከል ሰም የተቀባ ወረቀት ገብቶ መጽሐፉ ተዘግቶ ይጫናል። አንድ ቅጠል ብቻ ወጥቶ እንደ ሆነ በጀርባው ጠርዝ ላይ ከሦስት ሚሊሜትር የማይበልጥ ስስ መሥመር ሙጫ ይበቃዋል። በሽቦ የተሰፋ መጽሐፍ ከሆነ ግን አስቀድሞ የዛገው ሽቦ በጥንቃቄ ተነቅሎ በክር መለወጥ አለበት፤ ዝገቱ ወረቀቱን እየበላ ሳለ ሙጫ መጨመር ከንቱ ድካም ነው።

ከዚህ በኋላ ስለ ብራና መናገር ይገባል። ብራና ቆዳ ነው። ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል፤ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኙት ይኰማተራል፥ ወደ ዝልግልግነትም ይለወጣል። ስለዚህ ለወረቀት መድኃኒት የሆነው ውሃማ ሙጫ ለብራና አደጋ ነው። የጥንቱ የኢትዮጵያ ጸሐፊዎችና ደጓሾች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በብራናው ላይ ቀዳዳ ወይም ሽንትር ሲያገኙ በጅማት ወይም በክር ይሰፉት ነበር እንጂ አይለጥፉትም። ጥራዞቹን እርስ በርሳቸው በሰንሰለት ስፌት ያያይዟቸዋል፤ ክሩንም በእንጨቱ ገበታ ቀዳዳዎች ውስጥ አሳልፈው ያስሩታል። በመጽሐፉ ጀርባ ላይ ሙጫ የለም። ማጣበቂያ የሚያስፈልገው የተደጎሰው ቆዳ ከገበታው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ብራና መጽሐፍ ሲገለጥ ያለ ጭንቀት ይገለጣል፤ ክሩ ቢበጠስ ሌላ ክር ይገባበታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በዚህም ሥራ ይታያል።

ይህ ጥበብ ትክክል መሆኑን የሩቅ አገር አደጋ መስክሮለታል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1966 በኢጣልያ አገር አርኖ የተባለው ወንዝ ሞልቶ የፍሎረንስን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ባጥለቀለቀ ጊዜ፥ ከብዙ አገር ጠጋኞች ለእርዳታ ተሰበሰቡ። ከእነርሱ አንዱ ክሪስቶፈር ክላርክሰን የጭቃውን መጻሕፍት ሲመረምር፥ ያለ ሙጫ ወይም በጥቂት ሙጫ ብቻ በለስላሳ ብራና የተጠረዙት ከሌሎቹ ይልቅ በደኅና ተርፈው አገኛቸው። ዛሬ ጥገና የሚያጠና ሰው ሁሉ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

በዓድዋ አጠገብ ያሉት የአባ ገሪማ ወንጌሎች ሌላ ምስክር ናቸው። በኦክስፎርድ በተደረገው የካርቦን ምርመራ ብራናቸው በ330ና በ650 ዓመታት መካከል የተዘጋጀ መሆኑ ታውቋል። በቅርቡ ዘመን ጥገና ሲደረግላቸው ጠጋኞቹ ወደ ገዳሙ ሄዱ እንጂ መጻሕፍቱ ከገዳሙ አልወጡም። ከዚህም መምህር የሚማረው አለ፤ ውድ መጽሐፍ በየእጁ ሊዘዋወር አይገባውም። ስለዚህ በዌስትላንድስ ይሁን በጎንደር የአያቱን ዳዊት በቤቱ ያገኘ ሰው ሙጫ አያንሣ። በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ፥ በጥጥ ጥብጣብ ለዘብ አድርጎ አስሮ፥ በሣጥን ያስቀምጠው። ከዚያም በአዲስ አበባ የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትን ወይም በ1963 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም፥ በናይሮቢም የኬንያን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ምክር ይጠይቅ።

የአየሩም ጠባይ ሊዘነጋ አይገባም። በናይሮቢ ረጅሙ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፥ አጭሩ ዝናብ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይወርዳል፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። የአየሩ እርጥበት ከመቶ 65 አልፎ ሲሰነብት ሻጋታ ይነሣል፤ አዲስ የተቀባ የስታርች ሙጫም መጀመሪያ የሚያጠቃው ቦታ ነው። ስለዚህ ጥገና በበጋ ቢሠራ ይመረጣል። የተጠገነው መጽሐፍ ፈጽሞ ሳይደርቅ ወደ መደርደሪያ አይመለስ፤ መደርደሪያውም ከግድግዳው ጥቂት ራቅ ብሎ አየር ይግባበት።

ክቡራትና ክቡራን፤

በማሠልጠኛ ትምህርት ቤት የሚማር ወጣት ነገ ወደ ገጠር ሲሄድ የሚያገኘው ቤተ መጻሕፍት አንድ ቁም ሣጥን ሊሆን ይችላል። በዚያ ሣጥን ውስጥ ያሉት አርባ ወይም ሃምሳ መጻሕፍት ለብዙ ዓመት ሌላ አይጨመርባቸው ይሆናል። እነዚያ መጻሕፍት ከእርሱ በኋላ ለሚመጡት ልጆች መድረሳቸውና አለመድረሳቸው በእርሱ እጅ ነው። ስለዚህ ማሠልጠኛዎቹ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ለመጽሐፍ ጥገና ቢመድቡ፥ ብሩሽ፥ ስታርች፥ መምጠጫ ወረቀት፥ ክርና መርፌ የያዘ አንድ ሣጥን ቢያዘጋጁ፥ የተጠገነው መጽሐፍ ስምና የተሠራበት ሙጫ ዓይነት በአንድ መዝገብ ቢጻፍ፥ ወጪው ጥቂት፥ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። መዝገቡም ለሚቀጥለው ጠጋኝ የተጻፈ ደብዳቤ ይሆናል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ ጀርባው መሰንጠቅ የጀመረ መጽሐፍ በዚያው ሰሞን ቢታይ አንድ ስስ መሥመር ሙጫ ይበቃዋል፤ ቢቆይ ግን መላው ይፈታል። ተማሪውም መምህሩ አንድን ያረጀ ቅጠል በትዕግሥት ሲያቀና ካየ፥ መጽሐፍ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያለ ንግግር ይማራል። እንዲህ ያለው ትምህርት በሁሉም ትምህርት ቤቶች እንዲለመድ ማኅበሩ ቢተጋ፥ ለሚመጣው ትውልድ የሚቀረው መልካም መታሰቢያ ይሆናል።